ከሩንዳ ወርዶ ኬንዉድ ሐውስን መጐብኘት

ሩንዳ ከናይሮቢ ከተማ በስተሰሜን የሚገኝ፥ ቀድሞ የቡና እርሻ የነበረ የመኖሪያ ሰፈር ነው። በአጠገቡ በጊጊሪ ባለው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጽሕፈት ቤት የሚሠሩ ብዙ ሰዎች ይኖሩበታል። አጥሮቹ ረጃጅሞች ስለ ሆኑ እንግዳ ሰው የሚያየው ቤት ሳይሆን ዛፍና የግቢ በር ነው። ቤት ለማየት የሚወድ በሊሙሩ መንገድ ወደ መካከለኛው ከተማ ቢወርድ ይሻለዋል፤ እኔም እንዲሁ አደረግሁ።

የሄድሁት በኪማቲ ጐዳና ያለውን ኬንዉድ ሐውስ የተባለውን ሕንፃ ለማየት ነው። በ1937 የተሠራ ነው (ዓመቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)፤ ነዳፊውም ኤርንስት ማይ የተባለ ጀርመናዊ አርክቴክት ነበረ። በዙሪያው ረጃጅም ሕንፃዎች ስለ በቀሉ መንገደኛው ቀና ብሎ ሳያየው ያልፋል።

ማይ ከ1925 እስከ 1930 በፍራንክፈርት ከተማ የሕንፃ ሥራ ሹም ሳለ ብዙ ሺሕ ቤቶች አሠርቷል። ለእነዚሁ ቤቶች ማርጋሬተ ሊሆትስኪ የተባለች ሴት አርክቴክት በ1926 አንድ ወጥ ቤት ነደፈች። ወርዱ 1.9፥ ርዝመቱ 3.4 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ነገር ግን ምድጃው፥ የዕቃ ማጠቢያውና መደርደሪያው እጅ በሚደርስበት ስፍራ ስለ ተደረጉ የቤት እመቤቲቱ በከንቱ አትመላለስም። በአገራችን ወጥ ቤት ከዋናው ቤት ተለይቶ በጓሮ እንደሚሠራ፥ ጢሱም የእናቶችን ዓይን እንደሚጐዳ ለሚያውቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። (ባል የተባለ ሁሉ አንድ ቀን እንጀራ ቢጋግር ነገሩን ቶሎ ይረዳው ነበር።)

በ1930 ማይ አዳዲስ ከተሞች ሊነድፍ ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄደ። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን በመያዛቸው ወደ አገሩ መመለስ ስላልቻለ፥ ወደ ታንጋኒካ መጥቶ ገበሬ ሆነ፤ ኋላም በናይሮቢ የንድፍ ሥራውን ቀጠለ። ጦርነቱ በተነሣ ጊዜ እንግሊዞች ጀርመናዊ ነው ብለው አሰሩት።

ለሠራተኛው ፀሐይና አየር ይገባዋል ሲል የኖረ ሰው በቅኝ ግዛት አገር ግን የሠራው ገንዘብ ላለው ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ለካምፓላ ባወጣው የከተማ ማስፋፊያ ፕላንም የአፍሪካውያን ሰፈር ከአውሮፓውያኑ ተለይቶ ተመደበ። የአሥመራም ነገር ከዚህ አይርቅም፤ በ1938 የተሠራው የፊያት ታሊዬሮ የቤንዚን ማደያ እንደ አውሮፕላን ክንፉን ዘርግቶ ያምራል፥ ዳሩ ግን ያን ጊዜ ያገሩ ተወላጅ በጣሊያኖች ሰፈር መኖር ተከልክሎ ነበር። አሥመራ በ2017 በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ እጅግ ደስ ካላቸው አንዱ ነኝ፤ ይህን ክልከላ ግን ለጐብኚው አብሮ የማይነግር አስጐብኚ ሥራውን በግማሽ ትቶታል እላለሁ።

ኬንዉድ ሐውስ ያለበት ጐዳና በእንግሊዞች ዘመን ሌላ ስም ነበረው። ዛሬ የሚጠራው እንግሊዞች በ1957 በሰቀሉት በማው ማው መሪ በዴዳን ኪማቲ ስም ነው። በ2007 የቆመው ሐውልቱም በዚሁ ጐዳና ላይ ይገኛል፤ የናይሮቢ ሰዎች በሥሩ ቆመው ይቀጣጠራሉ።