ሽሮን ፀሐይ ያሞቅናት ዕለት

የዛሬው ጽሑፌ ፖለቲካ የለበትም። ስለ ምርጫ፣ ስለ እስርና ስለ ስደት በዚህ ገጽ ብዙ ብያለሁ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንዲት እንሽላሊት ነው። መሳቅ የሚያምራችሁ ሳቁ፤ እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ ውሻ አማረኝ አለች። ኦክላንድ የምንኖርበት አፓርትመንት ደግሞ ውሻ አይፈቅድም። ከብዙ ድርድር በኋላ ጌኮ የሚሏት የእንሽላሊት ዘር ቤታችን ገባች። መልኳ ቢጫ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ አለበት። ልጄ «ጥቁር አዝሙድ የተነሰነሰበት ሽሮ ትመስላለች» አለችና ስሟ ሽሮ ሆኖ ቀረ። ቡና ሊጠጣ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ «አሜሪካ ድረስ መጥታችሁ እንሽላሊት ትቀልባላችሁ?» እያለ ይስቅብናል።

እናቴ ከአገር ቤት ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ሽሮ ያለችበት ክፍል ደጃፍ አትደርስም ነበር። ይሁንና የልጅ ልጅ የወደደውን አያት ሳትወድ አትቀርም፤ ቀስ በቀስ «ቁርሷን በላች ወይ?» ማለት ጀመረች። ከዚያ ሐምሌ መጣ። የኦክላንድን ሰመር የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጠዋት ጠዋት ከባሕሩ የሚገባው ጭጋግ ሰማዩን ይከድነዋል፣ ሹራብ አይወልቅም። እናቴ ጉልበቷን እያሸች፣ «እኔስ ሰው ነኝ፣ እችለዋለሁ። ይህች ፍጥረት ግን ፀሐይ ሳታይ መሞቷ ነው» ትላለች።

አንድ ቅዳሜ ሳን ሆዜ እኅቴ ዘንድ ተጠራን። በ880 ፍሪዌይ 40 ማይል ያህል መንገድ ነው፤ አየሩ ግን ሌላ አገር ነው። ኦክላንድ በሐምሌ ቀኑ 22 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲሆን ሳን ሆዜ 28 ይደርሳል፤ 35ን የሚያልፍበትም ቀን አለ። ልጄ ሽሮን ብቻዋን አልተዋትም ስላለች ከነመስታወት ሳጥኗ ይዘናት ሄድን።

እናቴ የእኅቴን ግቢ ፀሐይ ስታይ ፊቷ በራ። እኛን ልጆቿን ሁሉ ቅቤ ቀብታ የጠዋት ፀሐይ እያሞቀች ነው ያሳደገችን። «አውጣትና ትንሽ ትሙቅ፤ አጥንቷ ይጥናላት» አለችኝ። ሳጥኑን ተሸክሜ ሣሩ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ነበር። ለአሥር ደቂቃ ብቻ ብለን ቡና ላይ ተቀመጥን። ወዲያው ስለ አገር ቤት ክርክር ተነሣ። የእኛ ሰው ክርክር ደግሞ በአሥር ደቂቃ እንደማያልቅ የማታውቁ የላችሁም።

ከክርክሩ ያነቃን የልጄ ጩኸት ነው። ሽሮ አፏን ከፍታ ታለከልካለች፤ ሆዷ መሬት ላይ ተለጥፏል። እኔ ደንግጬ እጄን ከትቼ ያገኘሁትን ያዝኩ። የያዝኩት ጅራቷን ነበር። በጣቶቼ መካከል ተቆርጦ ሣሩ ላይ ወደቀና እንደ ትል ይገላበጥ ጀመር። ይህን ያየ የጎረቤት ድመት ከአጥር ላይ ዘሎ ጅራቱን በአፉ ይዞ ሄደ። ልጄ ሽሮን በአያቷ ነጠላ ጠቅልላ ወደ ቤት ሮጠች። የእኅቴ ባል ፍሪጅ ሊከፍት ሲል እኅቴ ከለከለችው፤ ቀዝቀዝ ያለ ጨለማ ክፍል ውስጥ አስቀምጠናት ጠበቅን። ከሰዓት በኋላ ዓይኗን ገለጠች።

ወደ ኦክላንድ ስንመለስ ልጄ አላነጋገረችኝም። ከተማችን ስንገባ ግን አንድ ነገር ተናገረች፦ «አባዬ፣ አንተ ሁሉን ነገር ታነባለህ። ስለ ሽሮ ግን አንድ ገጽ አላነበብክም።»

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ቃል ከማንም ሳንሱር ይልቅ አመመኝ። በጋዜጠኝነት ዘመኔ ምንጭ ሳላመሳክር ዜና አላወጣም ነበር። ባሕር ተሻግሬ ዲግሪ የያዝኩትም «ማስረጃህ የታለ?» እየተባልኩ ነው። ሽሮን ፀሐይ ላይ ሳስቀምጥ ግን ማስረጃዬ የራሴ ብርድ ብቻ ነበር።

ሰኞ የወሰድናት የእንስሳት ሐኪም እንዲህ ብላ አስረዳችን። የሽሮ ዘር አገሩ አፍጋኒስታን፣ ፓኪስታንና ሰሜን ምዕራብ ህንድ፣ ደረቅና ድንጋያማው ምድር ነው። የበረሃ ፍጥረት ናት ማለት ግን ፀሐይ ላይ ትውላለች ማለት አይደለም። ቀን ድንጋይ ሥር ተሸሽጋ ትውልና ሲመሽ ትወጣለች። ሰውነቷ እንደ እኛ የራሱን ሙቀት ስለማይጠብቅ፣ ሲሞቃት ወደ ቀዝቃዛው፣ ሲበርዳት ወደ ሞቃቱ መሄድ አለባት። ስለዚህ ሳጥኗ በአንዱ ወገን 32 ዲግሪ፣ በሌላው ደግሞ 24 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። መስታወት ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ ሙቀቱን ውስጡ ያጠራቅማል፤ የምትሸሽበት ጥግ አይቀርላትም። «ፀሐይ አላሞቃችኋትም፤ ምድጃ ውስጥ ነው የከተታችኋት» አለችን። ፍሪጅ አለመክፈታችንን ግን አመሰገነች፤ ድንገተኛ ቅዝቃዜም ይጎዳል።

ያን ማታ ለእናቴ ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና፣ «ድሬዳዋ በረንዳችን ላይ የነበሩትን ታስታውሳለህ? ማን ቀን አይቷቸው ያውቃል?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ያደግሁት ከዚራ ነው። ሲመሽና መብራት ሲበራ እንሽላሊቶቹ ከግድግዳው ስንጥቅ ወጥተው ብርሃኑን የከበበውን ነፍሳት ሲለቅሙ እያየሁ ነው እራቴን የምበላው። መልሱ ከልጅነቴ ጀምሮ በእጄ ነበር።

ልጆቻችሁ እንዲህ ያለ እንስሳ የያዙባችሁ ወላጆች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ስለዚህ የእኔን ስሕተት አትድገሙ። ደጅ ማውጣት አደጋው ሙቀት ብቻ አይደለም። ኦክላንድ ማታ በሰመርም ቢሆን ይበርዳል፤ ሰውነቷ ከቀዘቀዘ የበላችውን እንኳ መፍጨት ያቅታታል። ከእጅ ካመለጠች ስንጥቅ ውስጥ ገብታ ትጠፋለች። ድመቱም ወፉም አለ። ኦክላንድ በ2019 የከተማዋ ወፍ አድርጋ የመረጠችው የሌሊት ሽመላ ራሱ ማታ እየወጣ ትናንሽ ፍጥረታትን የሚያድን ነው። ከግቢ የተያዘ ፌንጣ ደግሞ የተባይ መርዝ የነካው ሊሆን ስለሚችል አትመግቧት።

መኪና ውስጥም ትታችኋት አትውረዱ። የስታንፎርድና የሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2005 ባወጡት ጥናት፣ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በአንድ ሰዓት በአማካይ 22 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ጨምሯል፤ አብዛኛውም የጨመረው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው። መስኮቱን ትንሽ መክፈት ብዙ አልረዳም። እንስሳን ለአደጋ በሚያጋልጥ ሙቀት መኪና ውስጥ ትቶ መሄድ በካሊፎርኒያ ሕግም ያስቀጣል።

ሰልችቷችሁ «ነፃነቷን ልስጣት» ብላችሁም አትልቀቋት። የዚህ አገር ተወላጅ ያልሆነ እንስሳ ያለ ፈቃድ መልቀቅ ሕጉ ይከለክላል፤ ለእርሷም ነፃነት ሳይሆን ሞት ነው። ደግሞ ከነካችኋት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ተሳቢ እንስሳት ሳልሞኔላ የተባለውን ጀርም ሊያስተላልፉ ይችላሉ፤ ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናትና ለአረጋውያን ይከፋል። ሳጥኗንም እንጀራና ወጥ በሚቀርብበት ማድ ቤት አትጠቡ።

የሽሮ ጅራት ከወራት በኋላ መልሶ በቅሏል። እንደ ፊተኛው አይደለም፤ አጭርና ድቡልቡል፣ ድንች የመሰለ ነው። ልጄ ለእንግዳ ሁሉ ታሳያለች፤ ማን እንደቆረጠውም ሳትናገር አታልፍም። እኔም አላስተባብልም።

እናቴ ጭጋጉ ሲገፈፍ ወንበሯን ይዛ ብቻዋን በረንዳ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። ሲመሽ ትገባና ሳጥኑ አጠገብ ትቀመጣለች። ሽሮ ከተሸሸገችበት ድንጋይ ሥር ራሷን ብቅ ስታደርግ እናቴ ጎንበስ ብላ፣ «እንደምን አደርሽ?» ትላታለች።

ቸር ይግጠመን።