በባሌ ደጋ ወንዞች በዝንብ መንጠቆ ዓሣ ስለ ማጥመድ

ከሥራ በኋላ የሚገኝ ዕረፍት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሰውነትን ብቻ ያሳርፋል፤ ሁለተኛው ግን ሰውነትን እያደከመ ልብን ያሳርፋል። በዝንብ መንጠቆ ዓሣ ማጥመድ ከሁለተኛው ወገን ነው። ይህንንም ለመማር ለሚፈልግ ሰው የባሌ ደጋ የሚመች ስፍራ ነው።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሻሸመኔ፥ በዶዶላና በአዳባ በኩል የሚሄድ መንገደኛ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከዲንሾ ይደርሳል። በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት በዚሁ ስለሆነ፥ የማጥመድን ፈቃድና ደንብ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። አገሩ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ደጋ ነው፤ የደጋ አጋዘንም ከጥዱና ከኮሶው ጥላ ወጥቶ ሲግጥ ይታያል።

ከእነዚህ ተራሮች ዌብ፥ ዳንካና ሻያ የሚባሉት ወንዞች ይወርዳሉ። በውስጣቸው የሚገኘው ትራውት የተባለው ዓሣ የአገሩ ተወላጅ አይደለም፤ ከ50 ዓመት በላይ አስቀድሞ ከኬንያ መጥቶ የገባ ነው። ጥሩና ቀዝቃዛ ውሃ ካላገኘ አይኖርም።

ዝንብ የተባለውም እውነተኛ ዝንብ አይደለም፤ በትንሽ መንጠቆ ላይ ላባና ክር ተጠምጥሞ የሚሠራ ምስል ነው። ክብደት ስለሌለው እርሱ ራሱ አይወረወርም፤ የሚወረወረው ወፍራሙ ገመድ ነው፥ ዝንቡም ይከተለዋል። በሁለቱ መካከል ለዓሣው በቀላሉ የማይታይ ቀጭን ክር ይታሰራል። ለጀማሪ 2 ሜትር ከ70 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ዘንግ ይበቃዋል።

ትምህርቱ የሚጀመረው ከወንዝ ሳይሆን ከሣር ላይ ነው። ጀማሪው በመንጠቆ ፈንታ ጥቂት የበግ ጠጉር አስሮ ዘንጉን ወደ ኋላ ያነሣል፤ ገመዱ ከኋላው እስኪዘረጋ ይታገሣል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ፊት ይሰደዋል። ችግሩ ያለው በዚህች በመካከል ባለችው ጥቂት ትዕግሥት ነው። በጉልበት ለሚቸኩል ሰው ገመዱ ከእግሩ ሥር ይከመርበታል፤ ብዙ ሰው የሚያዝ ሹም ቢሆንም ገመድ ትእዛዝ አይሰማለትም።

ከወንዙ በደረሰ ጊዜ ወዲያው አይወርውር፤ ተቀምጦ ውሃውን ይመልከት። ድንጋይ ገልብጦ ከሥሩ የተለጠፉትን ጥቃቅን ነፍሳት አይቶ፥ እነርሱን የሚመስለውን ዝንብ ይምረጥ። ትራውት ምግቡን ወደሚያመጣለት ፈሳሽ ፊቱን መልሶ ስለሚቆም፥ አጥማጁ ከታች ወደ ላይ ቢሄድ ከበስተኋላው ይደርስበታል። ጥላውንም በውሃው ላይ አይጣል። ዝናም በበዛበት ወራት ወንዙ ስለሚደፈርስ፥ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል። የሚለቀቀውንም ዓሣ በደረቅ እጅ አይያዝ፤ ገላውን የሚጠብቅለት ልጋግ ይገፈፍበታልና።

እንዲህ አድርጎ ውሃን መመልከት የለመደ ሰው ከዓሣው የሚበልጥ ነገር ያስተውላል። ዌብ ከዲንሾ ወርዶ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ አልፎ እስከ ቆላ ይዘልቃል፤ በመንገዱም ብዙ ሰውና ከብት ያጠጣል። በላይ ያለው ደን ቢመነጠርና የወንዙ ዳር ቢራቆት ውሃው ይሞቃል፥ ይደፈርሳልም። ያን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠፋው ትራውት ነው፤ ቀጥሎ የሚጨነቀው ግን የቆላው ሰው ነው።

ስለዚህ ልጆቹን ይዞ ወደ ባሌ የሚወርድ አባት፥ ከመወርወሩ አስቀድሞ መታገሥንና መመልከትን ያስተምራቸው። ባዶ እጃቸውን ቢመለሱ እንኳ ወንዝን መጠበቅ ለምን እንደሚያስፈልግ ዐውቀው ይመለሳሉ።