በሞጣ ዳገት ላይ የሸሸግሁት ሕመም

ልጅ ሕመሙን ከቤተ ሰቡ የሚሸሽገው ብዙ ጊዜ ቅጣት ፈርቶ ሳይሆን ክብር ፈልጎ መሆኑን ከራሴ ዐውቄዋለሁ፤ ስለዚህ በ1957 ዓመተ ምሕረት በጥር ወር በሞጣ የደረሰብኝን ነገር ለአባቶችና ለእናቶች ልነግራቸው አሰብሁ።

የትውልድ አገሬ ብቸና ነው። በዚያ ዓመት የጥምቀትን በዓል በሞጣ ከሚኖሩት ከእናቴ ወንድም ዘንድ አሳልፍ ዘንድ በደብረ ወርቅ በኩል በበቅሎ ተልኬ ሄድሁ፤ ዕድሜዬም ዐሥራ አምስት ነበረ። ከበዓሉ በኋላ የአገሩ ጎረምሶች ከአንድ ሸለቆ ግርጌ ተነሥተው አፋፉ ላይ እስካለው የወይራ ዛፍ ድረስ ዳገት ለመውጣት ይሽቀዳደሙ ስለ ነበረ፥ አጎቴ ግራዝማች «የብቸናም ልጅ ይግባ» ብለው አስገቡኝ። ለቀዳሚው የሚሰጠው አንድ ጋቢ ነበረ፤ ነገር ግን ጋቢውን ያሰበ ሰው አልነበረም፤ የታሰበው የሞጣና የብቸና ስም ነው።

በዋዜማው ማታ እምብርቴን ዙሪያውን ይቈርጠኝ ጀመር። ራት ቢቀርብልኝ እንጀራው አልወርድ አለኝ። ሌሊቱን አስታወከኝ፤ ሊነጋ ሲልም ሕመሙ ወደ ቀኝ ጎኔ ወርዶ በዚያው ተተከለ። የአጎቴ ባለቤት ፊቴን አይተው «ምን ሆነሃል፥ ልጄ?» ቢሉኝ «ምንም አልሆንሁም፥ እትዬ፤ የበዓሉ ምግብ ከብዶኝ ነው» አልኋቸው። እርሳቸውም አምነው ፌጦ በጥብጠው አጠጡኝ።

እንዲህ ያስዋሸኝ አንድ የሰማሁት ወሬ ነው። ከዚያ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፥ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፥ አበበ ቢቂላ በቶኪዮ የማራቶንን ሩጫ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ፈጽሞ ድል አድርጎ ነበር። በ1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ አሸንፎ ስለ ነበረ፥ በኦሊምፒክ ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። መምህራችን ወሬውን ሲነግሩን ግን ከሁሉ አብልጠው ያደነቁት፥ ለውድድሩ ከስድስት ሳምንት ያነሰ ጊዜ ሲቀረው ትርፍ አንጀቱን ታምሞ ኦፕራሲዮን መደረጉን ነው። እኔም ከዚህ ሁሉ ይዤ የቀረሁት «ሆዱን ታምሞ ሮጠ» የሚለውን ብቻ ነበረ። አስቀድሞ ለሐኪም መታየቱን፥ የታመመውም ነገር ከሆዱ ወጥቶ መጣሉን ከቶ አላሰብሁትም።

«ሂዱ» በተባለ ጊዜ እግሬ ታዘዘልኝ፤ ነገር ግን ቀኝ እግሬን ባነሣሁ ቍጥር ሆዴን በካራ የሚወጉኝ ይመስለኝ ነበር። ጎንበስ ብዬ፥ ቀኝ እጄን በጎኔ ላይ አድርጌ፥ በግራ እጄ ቍጥቋጦውን እየያዝሁ ወጣሁ። ተመልካቹ ይህን የዳገት ብልሃት አድርጎ ቈጥሮት ኖሮ «እንደዚያ ነው እንጂ!» እያለ ያደፋፍረኝ ነበር። ከአፋፉ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረኝ ያ ሕመም በድንገት ጸጥ አለ። ወኔዬ ያሸነፈው መስሎኝ ደስታዬ ወሰን አጣ፤ ቀና ብዬ ሮጥሁ፥ ከዐሥራ አንዱም ሦስተኛ ሆኜ ወይራውን ነካሁ። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ሐኪም እንዳስረዱኝ፥ ያ ዕረፍት ትርፍ አንጀቴ የፈነዳበት ጊዜ ነበረ፤ በፈነዳ ጊዜ ውጥረቱ ስለሚላላ ሕመሙ ለጥቂት ሰዓት ይቀልላል፥ መርዙ ግን ወደ ሆድ ዕቃ ሁሉ ይፈስሳል።

በዚያች ሌሊት ሆዴ እንደ ከበሮ ተወጥሮ፥ በትኵሳት ስቃዥ አደርሁ። ሲነጋ አጎቴ በቃሬዛ አሸክመው ወደ ሐኪም ቤት ላኩኝ። የተሸከሙኝም ከእኔ ጋር ዳገቱን የወጡት ጎረምሶች ነበሩ፤ ቀዳሚው ጋቢውን አልብሶኝ እንደ ነበረ ኋላ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ብዙ አላስታውስም። ሆዴ ተከፈተ፥ ፔኒሲሊን ተወጋሁ፥ ሁለት ወርም ተኛሁ። እናቴ ከብቸና መጥተው ከራስጌዬ በተቀመጡ ጊዜ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ለምን አልተናገርህም?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ የአበበን ስም ለመጥራት አፈርሁ።

ይኸው አበበ በጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ በተደረገው ማራቶን እግሩን ታምሞ ስለ ነበረ፥ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ አቋርጦ ወጣ፤ ድሉንም የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ወሰደ። እኔ ለልጆቼ የቶኪዮውን በነገርሁ ጊዜ ሁሉ የሜክሲኮውን ሳልጨምር አልቀርም፤ እነርሱ ግን እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያውን ይወዳሉ።

ባለፈው ዓመት የልጅ ልጄ በትምህርት ቤቱ የሩጫ ቀን ጠዋት፥ ጫማውን እንዳሰረ ወደ እኔ መጥቶ «አያቴ፥ ሆዴን አመመኝ» አለኝ። ወዲያው ይዤው ወደ ሐኪም ሄድሁ። ተመርምሮ የተገኘበት የሆድ ትል ብቻ ነበረ። ሩጫውም ስላለፈው ሦስት ቀን ሙሉ አኰረፈኝ።