ኮሶዬ፣ ባልሽ የት ቀረ

ኮሶዬ፣ የደጋዋ እመቤት፣ እኔ ሲሬ ስንዴ መሃል ቆሜ አንቺን ወደ ላይ አማትራለሁ። አገርሽ የጭላሎና የካካ ተራሮች ወገብ ነው፤ ከአስታው ዝቅ ብሎ፣ ጉም ሲያረፍድበት የሚውል። ዱሮ ወንዱም ሴቷም እዚያ ጎን ለጎን ነበራችሁ። እሱ ነጣ ያለ አበባውን ያንጠለጥላል፤ አንቺ ቀዩን ትለብሻለሽ። ወንድና ሴቱ ባንድ ግንድ የሚያድሩ ዛፎች ሞልተዋል። አንቺ ግን ግንድሽ የብቻሽ፣ የእሱም የብቻው፤ አማላጃችሁ ነፋስ ነበር።

ዛሬ አንቺ ከማሳ ዳር፣ እሱ ከወዲያኛው ተረተር። መሃላችሁ ስንዴ!

ስንዴውን አልረግምም፤ በልቼው አድጌያለሁ። እንደ ፈረንጆቹ በ1967 ካዱ የተባለው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ከስዊድን እርዳታ ጋር ሲመጣ፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያው የብዙውን ጎተራ ሞላ። ትራክተሩ ግን ጭሰኛውን ከመሬቱ ነቀለው፤ ሰው ከተነቀለ ዛፍን ማን ይጠይቃል? ቀይ እንጨትሽ ደግሞ ጠላትሽ ሆነ፤ ቁም ሳጥን ሆነሽ ከተማ ገባሽ።

እናቶቻችን የሴቷን አበባ አድርቀው፣ ወቅጠው፣ በጥብጠው ሲያጠጡን ፊታችን ይጨማደድ ነበር። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሆድ ያላንቺ አይጸዳም ነበርና። አሁን ክኒን አለ። ሲፈልጉሽ አበባሽን ለቀሙ፤ ሳይፈልጉሽ ግንድሽን ጣሉ። አይ ውለታ!

ብቸኝነትሽን ሳስብ አንድ የሩቅ ዛፍ ትዝ ይለኛል፤ ካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻ ማዶ፣ ጥቂት ደሴቶች ላይ የማክዶናልድ ኦክ የሚሉት ብርቅ ዛፍ አለ። አንዱ ወላጁ ቁጥቋጦ፣ ሌላው የሸለቆ ግዙፍ ኦክ፤ ሁለቱ ተዳቅለው የወለዱት ነው። ውኃ ቢከበውም የሚጋባው ዘመድ አላጣም። ቀናሁበት፣ እውነቴን ነው። አንቺ ለማን ትዳሪያለሽ? ሊቃውንቱ ሃገኒያ ባሉት ወገን ውስጥ ያለሽው አንቺ ብቻ ነሽ፤ እህት የለሽ። ስሙን እንኳ የሰጡሽ ከኬኒግስበርግ መድኃኒት ቀማሚ ከሃገን ወስደው ነው፤ ጭላሎን ካልረገጠ ሰው።

ልትከልሽ እላለሁ። ሲሬ ይሞቅሻል፤ ሽቅብ መውጣት ሊኖርብኝ ነው። ችግኝሽ ወንድ ይሁን ሴት እስኪያብብ አይታወቅም፤ አንድ ተክዬ ሞላልኝ ብል እንደገና መበለት ላደርግሽ ነው። በርከት አድርጎ፣ አቀራርቦ መትከል ነው። ለዚያስ አንድ ጥማድ ስንዴውን የሚተውልሽ ገበሬ ከወዴት ላምጣልሽ፣ ኮሶዬ?