ጊዜ ብቻውን አይፈርድም

መልካም መጽሐፍ ቢዘገይም አይቀርም፤ ጊዜ ይፈርድለታል ይባላል። እኛም በየዶርማችን ስንት ሌሊት ተከራክረንበታል። እኔ ግን በዚህ አባባል ልቤ አይረጋም። ምክንያቴ «ሞቢ ዲክ» ነው።

ኸርማን ሜልቪል ይህን ልብ ወለድ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው። ነጩን ዓሣ ነባሪ ካልገደልኩ ብሎ መርከቡንም ባሕርተኞቹንም ይዞ የጠፋው የካፒቴን አክዓብ ታሪክ ነው። ደራሲው ከወሬ አልጻፈም፤ በ1841 እሱ ራሱ በዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከብ ተቀጥሮ ባሕር ወርዷል። ስለ ዓሣ ነባሪው አጥንትና ስብ የሚያትቱት ምዕራፎች ይከብዳሉ፤ አልዋሽም። ግን ያለ እነሱ ባሕሩ ባሕር አይሆንም።

ታዲያ መጽሐፉ ምን ገጠመው? መጀመሪያ ለንደን ላይ «ዓሣ ነባሪው» ተብሎ ሲወጣ የመጨረሻዋ አጭር ክፍል ሳትታተም ቀረች። ተራኪው እስማኤል በሬሣ ሣጥን ላይ ተንሳፎ ብቻውን መትረፉን የምትነግረን እሷ ናት። እዚያ ያሉ አንዳንድ ሐያስያን ሁሉም ካለቀ ታሪኩን ማን ነገረን እያሉ ተሳለቁ። ጉዱ ደግሞ ሙሉው መጽሐፍ አሜሪካ ውስጥ ታትሞ ሳለ፣ የለንደኑን ነቀፋ ተቀብለው ያስተጋቡ የአሜሪካ ጋዜጦች መኖራቸው ነው!

ደራሲው በሕይወት ሳለ በአገሩ የተሸጠው አራት ሺህ ቅጂ እንኳ አይሞላም። በ1853 የአሳታሚው ቤት ሲቃጠል የተረፈውም አብሮ ነደደ። ሰውዬው ከ1866 ጀምሮ ለ19 ዓመታት በኒውዮርክ ወደብ የጉምሩክ ተቆጣጣሪ ሆኖ ሠራ፤ በ1891 አረፈ።

ከዚያስ ጊዜ ፈረደለት? የለም፣ ሰዎች ናቸው የፈረዱለት። ጥቂት እንግሊዛውያን ወዳጆች መጽሐፉን አልረሱትም። የተወለደበት መቶኛ ዓመት በ1919 ሲደርስ ሬይመንድ ዊቨር የሚባል የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህር የሕይወት ታሪኩን ማጥናት ጀመረ፤ በ1921ም አሳተመው። ቤተሰቡ ባስቀመጣቸው ወረቀቶች መካከል «ቢሊ በድ» የተባለው ልብ ወለድ በረቂቅ ተገኘና በ1924 ታተመ። ዛሬ «ሞቢ ዲክ» ከታላላቆቹ የአሜሪካ ልብ ወለዶች አንዱ ነው።

እንግዲህ ወረቀቶቹ እሳት ማቀጣጠያ ሆነው ቢሆን ኖሮ ጊዜ ምን ያደርግ ነበር? ዊቨር ያልደረሰላቸው፣ ስማቸውን እንኳ የማናውቅ ስንት ደራስያን ይኖራሉ? ይህን ሳስብ የ«አይቀርም» ተስፋ ለእኛ ለአንባቢዎች የስንፍና ትራስ ይመስለኛል።

ስለዚህ፣ ጓደኞቼ፣ የአንድ ሰው ረቂቅ እጃችን ሲገባ እስከ መጨረሻው ገጽ ሳናነብ አንፍረድ። ወረቀቱንም አንጣል። ጽሑፉ ደስ ካሰኘን ደግሞ ጸሐፊው ጆሮው ሳለ እንንገረው። ሜልቪል የዛሬውን ክብሩን አልሰማም።