የትራስ ስፌት በቁስቋም

ትራስ የሚለው ቃል ከራስ የተወለደ ስለ መሆኑ ግእዙ «ትርኣስ» ይመሰክራል። በጥንት ጊዜ ሹሩባ የተሠራ ራስ እንዳይፈርስ በእንጨት በርኩማ ላይ ይታደር ነበር። የዛሬው የሶፋ ትራስ ግን ከእንቅልፍ ይልቅ ለዐይን የተሠራ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ይደገፈዋል፤ እንግዳው ሲሄድ ቤቱን ሲያስጌጥ ይውላል። እኛም ይህንኑ መስፋት በቤታችን መማር ከጀመርን እነሆ ሁለተኛውን ክረምት ይዘናል።

መምህራችን እናታችን ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ በቁስቋም ሠፈር ጥልፍ ሲጠልፉ ኖረዋል፤ አሁን ግን ግላኮማ የተባለው የዐይን ሕመም ብርሃናቸውን ከዳር ወደ መካከል እያጠበበው ሄዷል። ሐኪሞች እንደሚያስረዱት በዚህ ሕመም የጠፋ እይታ አይመለስም፤ መድኃኒቱ የሚረዳው የቀረውን ለመጠበቅ ነው። እንግዲህ የእርሳቸው እጅ የሚያውቀውን የእኛ እጅ ካልተቀበለው ወደ ማን ይሄዳል?

ሥራው ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ሥርዐት ግን አለው። ከቅዳሜ ገበያ የተገዛው ጥቅጥቅ ያለ የአገር ሸማ ከመቈረጡ አስቀድሞ ይታጠባል፤ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ስለሚሰበሰብ ሳይታጠብ የተሰፋ እንደ ሆነ በኋላ ትራሱን አንቆ ይይዘዋል። 45 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ትራስ ፊቱ 45 በ45 ሆኖ ይቈረጣል፤ ስፌቱ በየጐኑ አንድ አንድ ሳንቲ ሜትር ሲወስድ ልብሱ 43 ይቀርና ትራሱ ጥብቅ ብሎ ይሞላዋል። ጀርባው ከሁለት ቍራጭ ይሠራል፤ አንዱ በአንዱ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚደረብ ቍልፍም ዚፕም አይሻም። ጥልፉ ስፌቱን መቅደም አለበት፤ ከተሰፋ በኋላ መወጠር አይመችምና። ይህን ሁሉ እናታችን በቃል ያዙናል፤ የሠራነውንም በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ ይመረምራሉ። «ልጄ፣ ክሩን አታጥብቀው፤ ይኮማተርብሃል» ይሉናል።

ነገሩ በመሥሪያ ቤት በተሰማ ጊዜ አንዳንድ ባልንጀሮቻችን «ጸሐፊው መርፌ ያዘ» ብለው መሳቃቸው አልቀረም። መርፌ የሴት ነው ማለታቸው ነው። ነገር ግን በአገራችን ፈትል የሴት ሲሆን ሸማኔውም ልብስ ሰፊውም ወንድ ነበር። ስለዚህ ሳቁ የእጅ ሥራን ከመናቅ የመጣ እንጂ ከሌላ አይመስለንም። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ ይልቅ ዕድሜ አገኘ። ይልቁንም በጐንደር ይህ ንቀት ያስገርማል፤ ግንቡን የገነቡት፣ ብረቱን የቀጠቀጡት ቤተ እስራኤላውያንና ሸማውን የሸመኑት ሙስሊሞች ባይኖሩ ከተማዪቱ በምን ትኮራ ነበር?

የምንኖረውም እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ቤተ መንግሥታቸውንና የደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ቤተ ክርስቲያን ባሠሩበት ኮረብታ ሥር ነው። በዚያው መቶ ዘመን በጐንደር እንደ ተሠራ የሚታመን፣ ርዝመቱ ከ5 ሜትር የሚበልጥ የሐር መጋረጃ ዛሬ በለንደኑ የብሪታንያ ቤተ መዘክር ይገኛል፤ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰደ ነው። በላዩ በሽመና የተቀረጹት ዐፄ በካፋ፣ እቴጌዪቱና ልጃቸው ኢያሱ እንደ ሆኑ ይገመታል። የሠሪዎቹ ስም ግን በመጋረጃው ላይ አልተጻፈም።

የእናታችን የመስቀል ጥልፍም በወረቀት የተነደፈ አይደለም፤ በክር ቍጥር የሚያዝ ነው። ስለዚህ ማታ ማታ እርሳቸው በቃል ይቈጥራሉ፤ እኛም የመሥሪያ ቤት መዝገብ በለመደ እጃችን ዐምድ አስምረን እንጽፋለን፦ ሦስት ወደ ላይ፣ አንድ መዝለል፣ ሁለት ወደ ቀኝ። እስከ ዛሬ ስምንት ዐይነት ተመዝግቧል። ዘጠነኛው መርፌ ሲይዙ እንጂ ሲናገሩ አይታወሳቸውም፤ ስለዚህ እርሱን እጃቸው በእጃችን ላይ ሆኖ አብረን እየጠለፍን፣ ክሩን እየቈጠርን ነው።