ለሩቅ ያፈሰስነው ዕንባ

በቆቦ ሜዳ ማሽላው ሲያሸት፥ ማታ ማታ ከጎረቤት ቤት ተሰብስበን የቱርክን ተከታታይ ድራማ ስንመለከት ዕንባችን የሚመጣበት ጊዜ ነበር። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ ስላናገራቸው፥ የባሕር ማዶዎቹ ሰዎች እንደ ዘመድ ሆነውልን ነበርና። ይህን አንነቅፍም፤ ለማያውቁት ሰው ማዘን መልካም ነገር ነው።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ከራያ ቆላ በደረሰ ጊዜ ግን መብራቱም ስልኩም ተቋረጠ። ብዙ ገንዘብ ያወጣንበት ስልክ ዝም አለ፤ በባትሪ ድንጋይ የምትሠራው ትንሽ ራዲዮ ብቻ ተናገረች። እርስዋም የግንባሩን ወሬ ነገረችን እንጂ፥ ከጎሊና ወንዝ ማዶ ያለው ወንድማችን በሕይወት መኖሩን አልነገረችንም። ይህን የነገረን በእግሩ የመጣ መንገደኛ ነው።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ተፈረመ፤ ውሎ አድሮም መብራቱና ስልኩ ተመለሱ። ዳሩ ግን ዓመቱ ሳያልቅ በአማራ ክልል ሌላ ውጊያ ተነሣ፤ በስልኩም ወንድምን ከወንድም የሚለያይ ወሬ በዛ።

እንግዲህ ስለ ፖለቲካ ያለን አሳብ ይህ ነው፤ ለባሕር ማዶ ሴት ያለቀስን ሰዎች፥ ለወንዝ ማዶ ጎረቤታችን ዐይናችን ሊደርቅ አይገባም። ወሬውንም ከማመናችን በፊት፥ እንደዚያ መንገደኛ በእግራችን ሄደን እንጠይቅ።